ሴራ በአማርኛ

ጋሽ ላቴቦን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከዱራሜ እስከ ሰማየ ሰማያት ቢፈለግ አይገኝም። እሳቸው ፎንቆ ገበያ ላይ ቢያስነጥሱ እኔ ሆሳዕና ሆኜ «ይማርዎ» የምል ሰው ነኝ። ሲናደዱ የትኛው ጆሯቸው እንደሚቀላ፣ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ሲጥላቸው የትኛውን ዓይናቸውን ለጥበቃ እንደሚተዉ፣ ሁሉንም አውቃለሁ።

ይህንኑ ነበር ሆሳዕና አንድ ጸጉር ቤት ውስጥ፣ ግማሽ ፊቴ ተላጭቶ ግማሹ በአረፋ ተለስኖ፣ ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ የማወራው። ለሱቄ ዕቃ ልጭን ከቀበሌያችን ከወጣሁ ሁለተኛ ቀኔ ነው፤ ስልኬ ባትሪው አልቆ ኪሴ ውስጥ ተኝቷል። ጋሽ ላቴቦን በድምፃቸው፣ በአካሄዳቸው፣ በጉሮሮ አጠራረጋቸው ሳይቀር እያስመሰልኩ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ምላጭ እንደያዘ በሳቅ ስለሚንፈራፈር አንገቴ ላይ ሞት እየተመላለሰ ነበር። ጥግ ላይ ሻንጣውን በጉልበቱ መሃል ይዞ የተቀመጠ አንድ የፎንቆ ሰው ግን አልሳቀም። ጨርሼ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጠርግ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«የምታወራው ስለ ላቴቦ ነው? ስለ ሴራው ዳኛ?»

«ከሳቸው በቀር ማን አለ!»

«ሰውዬው እኮ ትናንት አረፉ። ቀብራቸው ዛሬ ነው። አልሰማህም እንዴ?»

ከእኔ በላይ የሚያውቃቸው የለም ባይ፣ ሞታቸውን ከማላውቀው ሰው አፍ ሰማሁ። ያውም እሳቸውን እያስመሰልኩ ሰው ሳስቅ። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠ። እኔም ፎጣውን ከአንገቴ ላይ መንጭቄ፣ የቀረውን ግማሽ ጺሜን እንደያዝኩ፣ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

*

ጋሽ ላቴቦ ረጅም ሰው ነበሩ። እኔ ቀልደኛ ስለሆንኩ ከስልክ እንጨት ይበልጣሉ እል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ያንሳሉ። ፀሐይ ድንጋይ በምታቀልጥበት ቀን እንኳ ጥቁር ካፖርት ይለብሳሉ። መናገር ሲፈልጉ መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ያ ድምፅ የአንጋጫን ዳገት ተጭኖ የሚወጣ አይሱዙ ነው። ውሸት ሲሰሙ ደግሞ አይቆጡም፣ አይከራከሩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ያያሉ። ልክ እውነቱ እዚያ ውስጥ ወድቆ እንደሚፈልጉት። ስንት ባለሥልጣን መድረክ ላይ ሪፖርት እያቀረበ ሳለ ያቺ ባርኔጣ ስትወልቅ አይቶ ምላሱ እንደተያዘ እኔ ነኝ የማውቀው።

አማርኛቸው ደግሞ ራሱን የቻለ አገር ነበር። አድገው፣ ሸምግለው ነው የተማሩት፤ ይወዱታል፣ ያሳድዱታል፣ አይይዙትም። የዞን ኃላፊውንም፣ መጋቢውንም፣ እኔንም «አንተ» ይላሉ። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር፣ «ጋሼ፣ ለትልቅ ሰው እኮ እርስዎ ነው የሚባለው» አላቸው።

አይሱዙዋ ዳገቱን ወጣች። «አንድ ሰው ከሆነ አንተ ነው። ብዙ ሰው ከሆነ እናንተ ነው። እርስዎ ስንት ሰው ነው?»

ሊቀመንበሩ መልሱን ደብተሩ ውስጥ ፈለገ። እኔም እስካሁን መልሱን አላገኘሁም።

እኔ ማርቆስ እባላለሁ። ሱቅ አለኝ፣ የቀበሌ ምክር ቤት አባልም ነኝ፤ ዋናው ሥራዬ ግን ማስተርጎም ነው። እንግዳ መጥቶ በአማርኛ ሲናገር ሽማግሌው ሁሉ እንዲሰማ ወደ ሀዲይኛ እመልሳለሁ። ሽማግሌው ሲናገር ወደ አማርኛ። ደመወዝ የለውም፤ ደመወዙ ሳቅ ነው። ኃላፊው ስለ አካባቢ ጥበቃ ግማሽ ቀን ሲናገር ይቆይና ወደ እኔ ዞሮ «ተርጉምላቸው» ሲለኝ፣ ወደ ሕዝቡ ዞሬ «ችግኝ ትከሉ ነው የሚለው» ብዬ እቀመጣለሁ። አዳራሹ ይፈርሳል። ኃላፊው ንግግሩ የተወደደለት መስሎት ይደሰታል። እንዲህ እየኖርን ነበር።

ጋሽ ላቴቦ ደግሞ የሴራ ዳኛ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳ። በእኛ በሀዲያ፣ በጎረቤቶቻችን በከምባታዎችም ዘንድ፣ ሴራ ማለት ሕዝብ በጋራ የሚተዳደርበት ደንብ ነው። ደንቡም ሴራ ነው፣ በደንቡ የተሰበሰበውም ሰው ሴራ ነው። ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ቤት ሲቃጠል መልሶ የሚሠራው፣ ጎረቤታሞች ሲጣሉ ዳኝቶ የሚያስታርቀው እሱ ነው። ከሴራ የወጣ ሰው እሳት የሚጭርበት ጎረቤት፣ ሲሞት የሚሸከመው ትከሻ የለውም። እንግዲህ ይህን ሁሉ የተሸከመች ቃል ወደ አማርኛ ስትሻገር ምን እንደምትሆን አንባቢ ያውቃል፤ ተንኮል፣ ደባ፣ ሰው ተደብቆ የሚጎነጉነው ነገር። አንድ ፊደል ሳይቀየር!

*

እንዴት እንደሚዳኙ በእኔው ላይ ከደረሰው ልናገር።

የሱቄ ጣሪያ ውሃ በአሸንዳ ወርዶ የጎረቤቴን የወይዘሮ በላይነሽን እንሰት ያበሰብስ ነበር። እሷ ከሰሰችኝ። ሴራው ተቀመጠ። እኔ በሆዴ ስንት ቀልድ አዘጋጅቼ፣ ጠበቃ መስዬ ቀረብኩ። ጋሽ ላቴቦ ግን የራሳቸው አሠራር ነበራቸው፤ ባለጉዳይን ስለ ራሱ አያናግሩም።

«ማርቆስ፣ አንተ የሷን ነገር ተናገር። እሷ ያንተን ትናገራለች።»

«የኔን ነው እንጂ ጋሼ፣ የሷንማ እሷ ታውቀዋለች።»

«ለዚህ ነው። የሷን ተናገር።»

እሺ ብዬ ተነሣሁ። ነጠላዬ አለመኖሩ ነው እንጂ በላይነሽን ሆንኩ። በአፍንጫዋ እያወራሁ፣ ወገቤን ይዤ፣ «ወይ እንሰቴ! ወይ እንሰቴ! ከባሌ የምትበልጪው እንሰቴ!» አልኩ። ሰው መሬት ላይ ተንከባለለ። በላይነሽ ራሷ ሳቀች።

ጋሽ ላቴቦ አልሳቁም። «እንደገና» አሉ።

እንደገና ተናገርኩ። ሳቁ ቀነሰ።

«እንደገና።»

በመጨረሻ የማስመስለው ሁሉ አለቀብኝ። አፍንጫዬም ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ እጄም ከወገቤ ወረደ። «እንሰቱን ባሏ ሳይሞት በፊት ነው የተከለው» ስል ራሴን ሰማሁ። «ልጆቿ የሚበሉት እሱን ነው። ውሃው ሥሩን ሲያበሰብስ እኔ ከሱቄ መስኮት አየዋለሁ። እያየሁ ዝም አልኩ።» ማንም አልሳቀም።

«አሁን የሷን ተናገርክ» አሉኝ። «አሸንዳውን መቼ ታዞራለህ?»

በማግስቱ አዞርኩት። ከዚያ ወዲህ በላይነሽ እንሰት ስትፍቅ ለቤቴ ቆጮ ሳትልክ ቀርታ አታውቅም። ይኸው ነው፤ ሰውዬው እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ።

*

አሁን ወደማልወደው ቦታ መጣሁ።

የውሃ ፕሮጀክት ሊመጣልን ነው ተባለ። ምንጩ ከላይ ከኮረብታው ተጠልፎ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ በቧንቧ ይወርዳል፤ ድርጅቱ ቧንቧውን ይሰጣል፣ ሕዝቡ ቦዩን ይቆፍራል። መጀመሪያ ግን አንድ ኢንጂነር ከአዲስ አበባ መጥቶ ሕዝቡ መተባበር ይችል እንደሆነ ያያል። መጣ። ትሁት፣ ወጣት፣ ጫማው ገና ጭቃ ያልለመደ። በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ሳይቀር ይዘው ነው የመጡት፤ ከስብሰባው ቀጥታ ወደ ወንዝ ለመውረድ።

«ይህን ሁሉ ቦይ ለመቆፈር ሕዝቡን በምን ታስተባብራላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

ልተረጉም አፌን ስከፍት ጋሽ ላቴቦ እጃቸውን አነሡ። ጥያቄውን ሰምተውታል። እንዲህ ያለ ትልቅ እንግዳ ፊት ራሳቸው በአማርኛ ሊመልሱ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሴራ ነው።»

«በምን?»

«በሴራ! እዚህ አገር ያለ ሴራ ምንም አይሆንም። ቤት ቢቃጠል በሴራ ነው። ሰው ቢሞት በሴራ ነው። የሴራው ዋና እኔ ነኝ። ከኔ በፊት አባቴ ነበር።»

የኢንጂነሩ ፊት ላይ የታየውን ለመግለጽ ቋንቋ የለኝም። ዓይኑ ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝና።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። «ሴራ በእኛ ቋንቋ የማኅበረሰቡ ሕግ ነው፣ ክቡር ኢንጂነር።» በቃ። ይህን ለማለት ከትንፋሽ በላይ አያስፈልግም። እኔ ግን ያቺን የመሰለች ነገር በእጄ ላይ ወድቃ፣ አማርኛ የሚሰሙት መምህራንና የቀበሌ ሠራተኞች ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ይዘው፣ እኔን እኔን እያዩ...

«እውነታቸውን ነው፣ ክቡር ኢንጂነር» አልኩ። «አባታቸውም ሴራ ሲጎነጉኑ ነው የሞቱት። እሳቸው ሳያውቁ በዚህ ቀበሌ ዶሮ እንኳ አትጠፋም።»

አዳራሹ ተናጋ። አማርኛ የማይሰማውም በሳቁ ሳቀ።

ጋሽ ላቴቦም ሳቁ። እሳቸው ስብሰባ ላይ ሲስቁ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አማርኛቸው የገባን መስሏቸው ነበር። ወዲያና ወዲህ እያዩ፣ ባርኔጣቸውን እንዳጠለቁ፣ ደስ ብሏቸው ሳቁ።

ኢንጂነሩ ግን አልሳቀም። ሲወጣ ሊቀመንበሩን ወደ ጎን ጠርቶ፣ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሌላ ሰው ቢሆን እንደሚሻል ነገረው። «ግልጽ የሆነ ሰው፤ ለምሳሌ ያ አማርኛ የሚችለው።» ሊቀመንበሩ ሊያስረዳው ሞክሯል ይባላል፤ እንግዳው ግን «ገባኝ፣ ገባኝ» እያለ መኪናው ውስጥ ገባ።

ግልጽ የሆነው ሰው እኔ ነኝ። ሰብሳቢ ሆንኩ። እምቢ አላልኩም።

*

በሳምንቱ ይሁን በሁለት ሳምንቱ ጋሽ ላቴቦ ሱቄ መጡ። ዕቃ አልጠየቁም። ባንኮኒው ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«ማርቆስ። ሴራ በአማርኛ ምንድን ነው?»

«ያው ሴራ ነዋ ጋሼ!» አልኳቸው። «ስኳር ልመዝንልዎት?»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ውስጡን አዩ። ብዙ አዩት። ከዚያ አጥልቀውት ወጡ፤ እኔም ከኋላቸው እያየሁ ሚዛኑን መወልወል ጀመርኩ፤ ያልተቆሸሸውን።

ከእኔ ዘንድ ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው የአማርኛ መምህሩን ጠየቁት። መምህሩ ነው በኋላ የነገረኝ። ቀስ አድርጎ፣ ሌላ ምሳሌ እየፈለገ፣ እያለዘበ አስረዳቸው። ሰምተው ሲያበቁ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ረጅሙ ሰውዬ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ። ስለ ኢንጂነሩ አላነሡም፣ ስለ ኮሚቴው አላነሡም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«አባቴንም እንዲህ ነው ያልኩት?»

ሽማግሌዎቹ ነገሩ ሲገባቸው እኔን በሴራ ሊቀጡኝ ተነሡ። ልክ ነበሩ። እኔም ቀርቤ ተቀመጥኩ፤ እንደ ልማዴ ለቅጣቱም ቀልድ ይዤለት። ጋሽ ላቴቦ ግን፣ «ለቀልድ ቅጣት ደንግገን አናውቅም» አሉ። «ዛሬ በኔ ጊዜ ብንደነግግ ሕግ አይባልም፤ ቂም ነው» ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። የአንድ ሰው ላም የሌላውን በቆሎ በልታ ነበር። ስለዚያ ላም እስኪመሽ ተነጋገርን።

*

ቁፋሮው ደረሰ። እኔ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ይዤ፣ በባጃጅ መንደሩን ዞርኩ። «ነገ ጠዋት ሁላችሁም አካፋና ዶማ ይዛችሁ!» ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ፤ ድምፄ ዳምቦያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። በማግስቱ ኮረብታው ላይ ስወጣ ከጥላዬ በቀር የመጣ ሰው የለም። ቆይቶ ሊቀመንበሩ መጣ፤ እሱም ሰው አለመምጣቱን ሊያይ ነው። ሰው ኮሚቴ ሲጠራው አይሰማም። እናቶች ጄሪካናቸውን ተሸክመው ወደ ወንዙ አለፉ፤ እኔን አላዩኝም፤ ወይም አይተውኛል።

አይ፣ ጋሽ ላቴቦን አልለመንኳቸውም። በየት አፌ! ሊቀመንበሩ ሄዶ ይሆናል፣ ወይም ራሳቸው ሰምተው ይሆናል። ብቻ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮረብታው ሰው በሰው ሆነ። ሴራው ወጣ። እሳቸው ከፊት አልነበሩም፤ ካፖርታቸውን አጥር ላይ ሰቅለው በሰልፉ መሃል ከሌላው ጋር እኩል ይቆፍራሉ። እኔም እቆፍራለሁ፤ ሰብሳቢ ነኝና ብዙም አልቆፈርኩም።

ውሃው ወረደ። በምረቃው ቀን ኢንጂነሩ ሪባን ሊቆርጥ መጣ፤ ድምፅ ማጉያውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ስለ «ጠንካራው ሰብሳቢ» ንግግር አደረገ፤ እኔን ማለቱ ነው። አንገቴን ሰበርኩ፣ ትሑት መሰልኩ። ከሕዝቡ ኋላ አንዲት ባርኔጣ ስትወልቅ አየሁ።

ከዚያ ሰውን ሁሉ በተራ ሲጨብጥ ጋሽ ላቴቦ ጋ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ከመጀመሪያው ስብሰባ ወዲህ ጉዳዩን በደንብ ያስረዳው አይመስለኝም፤ ወይም አስረድቶት እንደ ጥሩ ቀልድ ይዞት ይሆናል። ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ፣ «እህ አባባ፣ ሴራው እንዴት ነው?» አላቸው።

በሀዲይኛ መለሱለት። ወደ እኔ ዞረ።

«ደህና ነው ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ። «ውሃው ወጣ ይላሉ።»

ይህችኛዋን ምንም ሳልጨምር ነው የተረጎምኩት።

*

ስሙ ግን ተለጠፈባቸው። ሴረኛው። ከቀበሌያችን ወደ ፎንቆ ገበያ፣ ከፎንቆ ወደ ሆሳዕና ባጃጅ ነጂዎች፣ ከዚያም አንጋጫ ድረስ ሄደ። ከምባታዎቹ እነሱም ሴራ ስላላቸው ቀልዱ ከሌላው ይበልጥ ነው የጣፈጣቸው። የተናገረው ማን ነው ሲባል፣ ማርቆስ። በሄድኩበት «እስቲ ያቺን የኢንጂነሩን ንገረን» እባላለሁ፤ እኔም እነግራለሁ። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩባት አሁን ኢንጂነሩ በመስኮት ዘሎ የሚወጣበት ደረጃ ላይ ደርሳለች።

ጋሽ ላቴቦ መምህሩን ከጠየቁበት ቀን ወዲህ አማርኛ አልተናገሩም። ማንም መሐላ ያስማላቸው የለም፤ በቃ ተዉት። ስብሰባ ላይ ይነሣሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ በሀዲይኛ ይናገራሉ። ስተረጉም አፌን ያያሉ፤ ዓይኔን አይደለም፣ አፌን። እኔም ቃል በቃል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እተረጉማለሁ። እንዲህ የምተረጉምለት ሌላ ሰው የለኝም። ይህን ማንም ልብ አላለውም። ያ ሁሉ «አንተ»፣ ያ ሁሉ «እርስዎ ስንት ሰው ነው»፣ ቀረ። ለሰው የማወራው የማስመሰያ አማርኛቸው ብቻ ቀረ፣ እሱም በእኔ አፍ።

*

ከመኪና ወርጄ እሳቸው ግቢ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ለቀስተኛው ግማሽ ፊቴ ጺም፣ ግማሹ የተላጨ ሆኖ ሲያየኝ በሐዘን ጺሜን የነጨሁ መሰለው። «ማርቆስ እንዲህ ይወዳቸው ነበር ለካ!» እያሉ ሴቶች አለቀሱልኝ። በላይነሽ ውሃ አመጣችልኝ። ምን ልበላቸው? ጸጉር ቤት ሆኜ እሳቸውን እያስመሰልኩ ነበር ልበል?

ልጃቸው አስቴር ከድንኳኑ ጀርባ ጠራችኝ። ሆሳዕና መምህርት ናት፤ በሕመማቸው ጊዜ ያስታመመቻቸው እሷ ናት።

«የሕይወት ታሪኩን አንተ ነህ የምትናገረው» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹም መጋቢውም ተስማምተዋል። አንደበት ያለህ አንተ ነህ።»

«አስቱዬ፣ እኔ...»

«ስማኝ ጋሽ ማርቆስ። ሐኪም ቤት ሳለን ዶክተሩ የሌላ አካባቢ ሰው ነው፤ በአማርኛ የት ጋ ያምዎታል ሲለው አባዬ ዝም አለ። ይሰማዋል እኮ፣ ገብቶታል። ዝም ብሎ እኔን ያየኛል። ሆዱን ያመውን እንኳን በኔ አፍ ነው የተናገረው።» አላለቀሰችም። እኔ ግን ብታለቅስ እመርጥ ነበር። «ዛሬ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከወልቂጤ ድረስ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ሰው መጥቷል። የኔ መሥሪያ ቤት ሰዎች አሉ። ሴረኛው ሞተ ብለው ነው የመጡት፤ ስሙ ይመስላቸዋል። ከመቀበሩ በፊት ሴራ ምን እንደሆነ ንገርልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ዓረፍተ ነገር።»

«በእግዚአብሔር ስም እናገራለሁ» አልኳት። ከልቤ ነበር። እጇን ይዤ ማልኩላት።

ሳጥኑ መሃል ላይ ተቀምጧል። መዘምራን ዘመሩ። መጋቢው ጸለየና ድምፅ ማጉያውን ሰጠኝ። ቆምኩ። የተወለዱበትን ተናገርኩ፣ በማን እጅ እንደተጠመቁ ተናገርኩ፣ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ልጅ ልጆቻቸው ተናገርኩ። ድምፄ የራሴ አይመስልም፤ ቀጥ ያለ፣ የሽማግሌ ድምፅ። አስቴር ከፊት ተቀምጣ አፌን ታያለች፤ ልክ እንደ አባቷ።

«ጋሽ ላቴቦ» አልኩ፣ «የአካባቢያችን ሴራ...»

ከኋላ ባጃጅ ነጂዎቹ ጋ አንድ የታፈነ ሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሰው ሁሉ ቀና አለ። ከነጠላው ስር፣ ከእንባው ስር፣ ከቆብ ስር ፊቱ ሁሉ ቀና ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። የሚጠብቅ ፊት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያን ፊት ሳይ ነው የኖርኩት።

ዓረፍተ ነገሩ ምላሴ ላይ ነበር። አለሁ ይላል።

«ጋሽ ላቴቦ» አልኩ፣ «ዕድሜ ልካቸውን ሴራ ሲመሩ አንድ ቀን እንኳ ተይዘው አያውቁም። ዛሬ ገና ጌታ ያዛቸው።»

ድንኳኑ ተናጋ። በሐዘን የከረመ ሰው ሲስቅ እንዴት እንደሚስቅ ታውቃላችሁ፤ ማቆሚያ የለውም። ከወልቂጤ የመጡት ሳቁ፣ የአስቴር መሥሪያ ቤት ሰዎች ሳቁ፣ በላይነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። «ሴራ ማለት እንግዲህ» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ በሳቁ ውስጥ ማንም አልሰማኝም። መጋቢው ፈገግ ብሎ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለኝና መዝሙር አስጀመረ። የሴራው ሰዎች ሳጥኑን አነሡ። አስቴር ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ በአጠገቤ፣ ሳታየኝ አለፈች።

ቀብሩ ላይ አንገቴን ደፍቼ ስለቆምኩ ሰው ሁሉ በጸጸት የተቃጠልኩ መስሎታል። ተቃጥያለሁም። ግን ድንኳኑ በሳቅ ሲናጥ፣ እዚያው፣ ከሳጥናቸው ራስጌ ቆሜ፣ ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።